ባትሪው የጠጣው ዘምዘም

ጥድ አምባ፣ መካነ ሰላም
ሐምሌ 9 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ሀዲያ፣ ጅዳ

እታለም፣

ሁለት ጁምዓ በተከታታይ ስልካችን ለምን ዝግ ሆነ? ይህን ስንት ጊዜ እንደጠየቅሽ እኔ እዚህ ሆኜ ሰምቼሻለሁ። በመጀመሪያው ጁምዓ «ኔትወርክ ነው» ብለሽ አልፈሽዋል። በሁለተኛው ግን ማዳምሽ በምትፈቅድልሽ በዚያች አንድ ሰዓት፣ ልብስ ከምታሰጪበት ጣሪያ ላይ ቆመሽ ስትደውዪ፣ ስልኩ «ማግኘት አይቻልም» ባለሽ ቁጥር ከቤታችን አንድ ሰው ስትቀብሪ ነው የዋልሽው። አመልሽን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሌላውን ከማለቴ በፊት፦ ማንም አልሞተም። እማ አለች፤ እኔም አለሁ፤ ቡሬዋም ወልዳለች፣ ጥጃው ወንድ ነው። ስልኩን ያጠፋው ባትሪያችን ነው። ባትሪውን ምን እንዳጠፋው ደግሞ በተራው እነግርሻለሁ። ስትሰሚው መጀመሪያ ትስቂያለሽ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እንጃ።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ሙሉሐረግ ናት፣ የጎረቤታችን የመርጌታ ኪዳነ ማርያም የእህት ልጅ። ነገ በጠዋቱ የደሴ መኪና ትወጣለች፤ አላህ ካለ በሳምንቱ እናንተ ከተማ ትገባለች። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው። አንቺ ግን ሙሉዬ ብለሽ ጥሪያት፤ እዚያ በስሟ የሚጠራት ሰው ያስፈልጋታል።

«ጁምዓ ስደውል በስልክ አትነግሪኝም?» ትዪኝ ይሆናል። ስልኩማ ለፊታችን ጁምዓ ዝግጁ ነው፤ ረመዳንም ያኔ ይገባልና ድምፅሽን ሳንሰማ አንይዝም። ነገር ግን አንቺ ስትደውዪ እማ ጆሮዋን ከስልኩ ጀርባ ለጥፋ ከጎኔ ትቀመጣለች። እሷ እየሰማች የማይወራ ነገር አለ። አሁንም እዚያው ምድጃው ዳር ሆና «ምን ይህን ያህል ትጽፊያለሽ?» ትለኛለች። «ስለ ጥጃው» እላታለሁ።

የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል ሶላር እንደገዛሁ ታውቂያለሽ። ያልነገርኩሽ፣ አምፖሉ መጀመሪያ ሲበራ እማ ያደረገችውን ነው። እንግዳ ወንድ ድንገት ቤት የገባ ይመስል ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ «ቢስሚላህ» አለች። ከዚያ ዙሪያውን አይታ፣ «ግድግዳችን እንዲህ ቆሽሾ ነው ሰው ስናስተናግድ የኖርነው?» ብላ በማግስቱ እንደገና አስመረገችው።

አሁን ጥድ አምባ ላይ አሥራ ሁለት ቤት ሶላር አለው። በወረዳው የኢነርጂ ባለሙያ ተብዬ የተመደብኩት እኔ ነኝና ሁሉንም ቤት ለቤት እየዞርኩ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩን ለመሥሪያ ቤት ጽፌያለሁ፤ ላንቺ እዚያ ያልጻፍኩትን ልንገርሽ። እማ ጠዋት አፍንጫዋን ስትጠርግ መሐረቧ አይጠቁርም። የመርጌታ ባለቤት እት የሻለም ማታ ማታ እየፈተለች ለገበያ አንድ ጋቢ ታደርስ የነበረችው ዘንድሮ ሁለት አደረሰች። ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ብቻ ገበያ የሚወርድ ሰው የለም። ኩራዝ ተገልብጦ ሣር ቤት ተቃጠለ ሲባል ካልሰማሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው።

ማታ ማታ ተኝቼ ይህንኑ በአገሩ ሁሉ አበዛዋለሁ። አትሳቂብኝ። ላምባው በመርከብ ጅቡቲ ይራገፋል፤ በቦቴ ደሴ ይወጣል፤ በአይሱዙ አቀስታን አልፎ መካነ ሰላም ይገባል፤ ከዚያ በአህያ ጀርባ ጥድ አምባ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ጉዞ ጣት የምታህል ነበልባል ለማብራት ነው፤ እሷም ብትሆን ግማሿ ጭስ ናት። አገሪቱ ደግሞ ላምባውን የምትገዛው በዶላር ነው። ዶላሩ ከየት ይመጣል? ከቡናው ይመጣል፤ ከናንተም ይመጣል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ይህን እያሰብኩ ስሄድ፣ «ለካ እህቴን ልከን ጭስ እያስመጣን ነው» አልኩና እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። የአባይ ግድብ ሲያልቅ መብራት ይመጣል ይሉናል፤ እኔም ቦንድ እየከፈልኩ ነው። አባይን እኮ ከአፋፋችን ቁልቁል እናየዋለን። ግን ሽቦው ያን ገደል ወጥቶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ፀሐይቱ በየቀኑ በራሳችን ላይ አልፋ ትሄዳለች፣ የሚጠይቃት የለም።

አዎን፣ የማይለወጠውም አለ። ሶላር ወጥ አያበስልም፤ ማገዶው ያው ማገዶ ነው፣ የደንቆሮ ጫካም ዛሬም መጥረቢያ ይሰማል። ባትሪም ይሞታል። ጋሽ አድማሴ የሞተበትን ባትሪ በመጥረቢያ ፈልጦ እርሳሱን አወጣና ውስጡ የነበረውን አሲድ አጥር ሥር ደፋው። ዝናቡ ጠርጎ መርጌታ ጓሮ አስገባው። መርጌታ ጎመናቸው በአንድ ቀን ጠውልጎ ቢያዩት የጎረቤት ዓይን መስሏቸው ሦስት ቀን ጸሎት አደረሱበት። እውነቱን ስነግራቸው፣ «እንግዲያው ጸሎቱን ለአድማሴ አዙሬዋለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ የሞቱት ባትሪዎች ወዴት ይሄዳሉ የሚለው ሐሳብ አይለቀኝም። አንድ ሁለት ሲሆኑ ጎመን ያቃጥላሉ። አገር ሙሉ ሲሆኑስ?

በዚህ ነገር የተጎዳም አለ፣ ጋሽ ፈንታው። ላምባ የሚሸጠው፣ ገበያው ላይ ጄነሬተር ተክሎ ስልክ ቻርጅ የሚያደርገው። ሲያገኘኝ አይሳደብም፤ ቆቡን አንስቶ፣ «የፀሐይ ወኪል እንዴት አደረች?» ይለኛል። ነገሩ ቀልድ ነው፤ ግን ከሱቁ ደጃፍ ሰው እየቀነሰበት እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ባትሪው ልመለስ።

የኛ ባትሪ ውሃ የሚጠጣው ዓይነት ነው። ውስጡ ያሉት ዝርግ እርሳሶች ከውሃ በላይ ከወጡ ይበላሻል። የሚጠጣውም ከከተማ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ ጨውና አፈር የነካው ውሃ ቀስ እያለ ይገድለዋል። ይህን ለአሥራ ሁለቱም ቤት አስተምሬያለሁ። እንዴት አድርጌ መሰለሽ? ጣቴን እያነሳሁ፦ «ከወንዝ አትጨምሩ፣ ከምንጭ አትጨምሩ፣ ከጉድጓድ አትጨምሩ፣ ከጣሪያ የወረደ አትጨምሩ።» ተቆጪ መምህር ሆኜልሽ ነበር።

ሰኔ እንደገባ ዝናቡ ያዘ። በ12 ከአቀስታ ወዲህ ያለው መንገድ ተናደና ሃያ አምስት ቀን ተዘጋ። ላምባ የለም፣ ናፍጣ የለም፣ የባትሪ ውሃ የለም። የከተማውም መብራት ምሰሶው ወድቆ ጠፋ። እኔ ያን ሳምንት በአባይ በኩል ወዳሉት ቀበሌዎች ወርጄ ነበር፤ ጎርፉ ስለያዘኝ በጊዜው አልተመለስኩም። እማ ብቻዋን ናት። ሐሙስ ዕለት ባትሪውን ከፍታ ብታይ ውሃው ወርዷል። አንቺ ደግሞ ያለፈው ጁምዓ፣ «ማዳም ውሉን ለሁለት ዓመት አድሺ እያለችኝ ነው፤ በሚመጣው ጁምዓ ቁርጡን እነግርሻለሁ» ብለሻት ነበር።

ያን ሰኔ 15 ቀን የዋለውን ጁምዓ ታስታውሻለሽ። «እማ፣ ዛሬ ድምፅሽ አጠገቤ ያለሽ ነው የሚመስለው» ያልሻት ጊዜ ነው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሳይቆረጥ አወራችሁ። ውሉን ከኢድ በኋላ እፈርም ይሆናል አልሻት፤ እሷም «ኸይር የሆነውን ያምጣልሽ» አለችሽ። በሚቀጥለው ጁምዓ መሃል ላይ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለቱን አንቺው ታውቂያለሽ።

እኔ ስመለስ ባትሪው ደክሞ ነበር፤ ቀን የሞላው ማታ ሳይመሽ ያልቃል። «እማ፣ ውሃ ጨምረሻል?» አልኳት።

«ከወንዝ አልጨመርኩም» አለች።

«ከምንጭስ?»

«ከምንጭም አልጨመርኩም። ከከለከልሽው ከአንዱም አልጨመርኩም» ብላ እህሏን ማንጓለል ቀጠለች። እኔም የደመናው ነው ብዬ ተውኩት። ሐምሌ ሳይብት ሙሉ በሙሉ ሞተ።

ወሬው በአንድ ቀን ዞረ። የባለሙያዋ ቤት ጨለመ ተባለ። የመርጌታም ቤት በዚያው ሳምንት ጨለመ። ሶላር ሊያስገቡ የነበሩ ሰዎች «እስቲ ክረምቱ ይውጣ» ማለት ጀመሩ። ስለዚህ ትናንት እሑድ፣ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ከመርጌታ ደጅ ካለው ወይራ ሥር ሁሉንም ጠራሁ። ክርስቲያኑም እስላሙም መጣ። ጋሽ ፈንታውም በቅሎውን እየሳበ መጣ፣ ማን እንደጠራው አላውቅም።

«ፈይዛ» አለ ገና ሳይቀመጥ፣ «አምፖልሽ ረመዳን ሳይገባ ጾም ያዘ እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ።

«እኔ እንግዲህ ሽማግሌ ነኝ፤ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ላምባ ደመና አያውቅም።»

«ላምባ ደመና ባያውቅም መንገድ መቆረጡን ግን ያውቃል፣ ጋሼ» አልኩት። «ሃያ አምስት ቀን ሱቅዎ የተሞላው በላምባ ነበር ወይስ በዝንብ?»

«እሷስ እውነቷን ነው» አለች አንዷ ከኋላ፤ አሁን ደግሞ በእሱ ተሳቀ። ቆቡን አስተካክሎ ተቀመጠ።

የሁለቱን ቤት ባትሪ አስወጥቼ ክዳናቸውን ከፈትኩ። ሁለቱም ጥም የለባቸውም፣ እስከ አፋቸው ሞልተዋል። «መርጌታ» አልኩ፣ «ይህን ውሃ ከየት አመጡት?»

መርጌታ ጥምጥማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ውሃ አልጨመርኩበትም።»

«ሞልቷል እኮ።»

«ውሃ አይደለም አልኩሽ። ጠበል ነው።»

እት የሻለም ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። የቀረው ሰው ግን አልቻለም፤ ወይራው ሥር ያለው ሁሉ በሳቅ ወደቀ።

«ከምንጭ አትጨምሩ ብዬ አልነበረም?»

«ምንጭስ ነበረ። ከተባረከ ወዲያ ግን ምንጭ ነው የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ» አሉ። «ይህን ያህል ሰው የፈወሰ ለአንድ ጥቁር ሳጥን ያንሳል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ወላሂ ነው የምልሽ።»

መርጌታ በወላሂ ሲምሉ ጋሽ ፈንታው እንኳ ዓይኑን በቆቡ ሸፈነ። እማም ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ፤ እስኪያስላት ሳቀች፣ ሳሉ አልለቃት ብሎ ጀርባዋን ደግፌ ያዝኳት። ትንፋሿ ሲመለስ እጄን ቀስ አድርጋ አነሳችና፣

«ሳቃችሁን አትጨርሱ» አለች። «የኔ ይብሳል። የኛም ውሃ አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ነበር፣ እማ?»

«ሀዲያ የላከችው ነው።»

እታለም፣ ሳጥኗ ውስጥ ምን እንዳለ የማያውቅ ጥድ አምባ ላይ የለም። አንቺ የመጀመሪያው ዓመት በሰው እጅ የላክሽላት ዘምዘም፣ ከከፈኗ ጋር ጠቅልላ ያስቀመጠችው፣ አምስት ዓመት ሙሉ ጠብታ ያልቀመሰችው። ለዚያ ለመጨረሻው ሰዓት ከንፈሯን እንድናርስበት። ባትሪውን እኔ በሠራተኛ ልብስ፣ በጓንት እከፍታለሁ። እሷ ግን ያን ሐሙስ ውዱእ አድርጋ፣ ቢስሚላህ ብላ፣ በቡና ሲኒ እየቀዳች ስድስቱንም ቀዳዳ ሞልታዋለች። የተረፈውን እንኳ እኔ ልጠጣው አላለችም፤ «እሱም ይጠጣ» ብላ ጨምራለታለች።

«እት ፋጢማ» አሉ መርጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሱንማ ለ...»

«አዎን፣ ለሱ ነበር» አለች፣ ስለ ተዋሰችው ወንፊት የምታወራ ይመስል። «ልጄ ጁምዓ ቁርጡን እነግርሻለሁ ብላኛለች። ስትደውል ስልኩ ሞቶ ይጠብቃት? የኔ ሞት ቀጠሮ የለውም። የልጄ ስልክ ግን ቀጠሮ አለው።»

ጋሽ ፈንታው ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

ከዚያ እኔ ተነሣሁ። ያስቸገረኝን ላንቺም ልንገርሽ። እርሳሱን ያበላሸው ጨው ነው፤ ዘምዘምም ጠበልም የምድር ጨው አለባቸው። የገደለው ግን ይህ ብቻ አይደለም። ሃያ አምስት ቀን ሙሉ ከሰማይ የባትሪ ውሃ ሲወርድ ነበር። ንጹሕ የፕላስቲክ ሳፋ ሜዳ ላይ፣ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ ቢቀመጥ፣ በቀጥታ ከደመናው የወረደው ዝናብ ለክፉ ቀን ይበቃ ነበር። ይህን አውቅ ነበር። መጽሐፉ ላይ አለ። አልነገርኳቸውም፤ ምክንያቱም በልቤ፣ «ዝናብ ይሆናል ካልኳቸው ከቆርቆሮ ላይ የወረደውን ከነዝገቱ ይጨምሩታል» ብዬ አላመንኳቸውም። ሁሉን ከልክዬ ተገላገልኩ። ይህንኑ እዚያው ነገርኳቸው።

ጋሽ ፈንታው ቆቡን መልሶ ጫነ። «ማለት፣ ይህን ሁሉ ቀን የባትሪ ውሃ እየዘነበብን ነው በጭለማ የተቀመጥነው?»

«አዎን፣ ጋሼ።»

«ይህን ለመደበቅ ነው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ?»

«ልጄን ተዋት» አለች እማ። «እኔ ዘምዘሙን ስደብቃት እሷ ዝናቡን ደበቀችኝ። አውፍ፣ ይቅር ተባብለናል።» ከዚያ ወደ መርጌታ ዞራ፣ «ጠበሉም ዘምዘሙም አላዳነውም፣ ኪዳነ ማርያም። እንግዲህ ይህ ባትሪ ከሃዲ ነው ማለት ነው» አለችና ሰዉ ሁሉ በሳቅ ተመለሰ። ዛሬ ጠዋት ስወጣ ከአሥራ ሁለቱ ቤት ስምንቱ ደጅ ላይ ሳፋ ቆሞ አየሁ። እት የሻለም የራሷን ወንፊት ከደነችበት።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ጋሽ ፈንታው በቅሎውን እየጎተተ እስከ አጥራችን ተከተለኝ። አንድ የላምባ ጀሪካን ይዞ የመጣ መስሎኝ ነበር። ስልካችንን ጠየቀኝና ወስዶ በጄነሬተሩ ሞልቶ መለሰልኝ፤ ክፍያም እምቢ አለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤

«እኔ የላምባ ሰው ነኝ። ላምባ እየሞተ ነው፤ እኔ ግን አብሬው አልቀበርም። መናኸሪያው አጠገብ ያለውን ክፍሌን ታውቂዋለሽ። ከደሴ የባትሪ ውሃ በየሳምንቱ ላምጣ፤ ስመለስ የሞተውን ባትሪ ሁሉ ጭኜ ልውረድ፣ ደሴ ላይ እርሳሱን ገዝተው የሚያቀልጡ አሉ፣ የማንም ጎመን አይቃጠል። ሶላሩንም የሚጠግን ይኑርበት። የሚያመላልስ እኔ አለሁ። ሥራውን የሚያውቅ ግን የለኝም።»

«እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ጋሼ።»

«አንቺን ማን አለሽ። ያቺ እህትሽስ? ያቺ ሬዲዮ ፈቺዋ?»

የአባባን፣ አላህ ይማረውና፣ ሬዲዮ ፈትተሽ ስትገጥሚው ሦስት ብሎን የተረፈሽ ጊዜ፣ ሬዲዮው ግን ከበፊቱ ጠርቶ የተናገረ ጊዜ፣ ጋሽ ፈንታው እኛ ቤት ነበር ለካ። እሱ አልረሳውም። የማዳምሽን የልብስ ማጠቢያ ሠሪ ሳይመጣ አንቺ እንደሠራሽውም ነገርኩት። «ጨረስን» አለ። «እስከ መስከረም ቁልፉን ለሌላ አልሰጥም። ከዚያ ወዲያ ግን ክፍሉን የሚፈልገው ብዙ ነው።»

ሀዲያ፣ አስቢው። ሰው ሲጠይቀኝ እኮ የጥድ አምባ ብቻ አይደለም። ከአቀስታ ይጠይቁኛል፤ ባለፈው ከማሻ አንድ መምህር በእግሩ ሁለት ቀን ሄዶ መጥቶ ጠየቀኝ። አምፖሉን የሚሸጥ ሞልቷል። ሲበላሽ የሚያየው፣ ሲሞት የሚሰበስበው ግን የለም። በዚህ ምክንያት ነው በየጣሪያው ሶላር ተሰቅሎ ከሥሩ ኩራዝ የሚበራው። አንቺ ብትኖሪ እኔ ከታች ከታች እያስተማርኩ፣ አንቺ ከላይ እየጠገንሽ፣ ይህ አገር... ይኸው፣ ደግሞ ማታ እንደማበዛው ማብዛት ጀመርኩ። አንቺ ስድስት ዓመት የሰው ቤት አብርተሽ እኔን አስተማርሽኝ። የተማርኩትን ለማን ላብራበት?

አሁን እማን። ደህና ናት ብዬሻለሁ፣ ደህና ናት። በግንቦት ደሴ ይዣት እንደወረድኩ አልነገርኩሽም። ሐኪሙ ያለውን ለማንም እንዳልናገር፣ ላንቺ ደግሞ ከማንም በላይ እንዳልናገር በአባባ ቀብር አስምላኛለች፤ ስለዚህ አልጽፈውም። መሐላዬን አላፈርስም። ያየሁትን ግን መጻፍ አልተከለከልኩም። ዙህርን ተቀምጣ ነው የምትሰግደው። መንገዱ ወደሚታይበት አፋፍ መውጣት ትታለች፤ «ከቤትም ይታየኛል» ትላለች፣ ከቤት አይታይም። ኩራዝ ካጠፋን ዓመት ሊሆነን ነው፣ ሳሉ ግን ከኩራዙ ጋር አልጠፋም። ሰሞኑን ደግሞ ስንቴ እየጠራችኝ፣ «ከኢድ እስከ መስከረም ስንት ጁምዓ አለ?» ትለኛለች። ቆጥሬ እነግራታለሁ፤ ትረሳና ደግማ ትጠይቃለች። የረሳች አይመስለኝም።

አሁን ጠርታኝ፣ «ስለ ጥጃው ጨርሰሽ እንደሆነ የኔን ጻፊ» አለችኝ። ያለችውን እንዳለ ይኸው፦ «ሀዲያ ልጄ፣ ከሰው ዓይን አላህ ይሰውርሽ። ያሳደርሽው ሁሉ ያሳድርሽ፤ ያበራሽለት ሁሉ ያብራልሽ። ዱዓዬ ካለሽበት ቀድሞሽ ይግባ። አብሽሪ፣ እኔ ምንም አልጎደለብኝም። ሌላ ዘምዘም እንዳትልኪ፤ ከባድ ነው፣ ሰው አታስቸግሪ። ውሉንም ልብሽ እንዳለሽ አድርጊ።» መርጌታም በአጥር በኩል፣ «የኔንም ሰላምታ ጨምሪ፤ ሙሉሐረግን አደራ በያት፤ ስለ ጠበሉ ግን አትጻፊባት» ብለዋል። የመጨረሻውን አልሰማሁም።

ስለዚህ ከኢድ በፊት መልሺልኝ። በጁምዓ ስትደውዪ እማ አጠገቤ ስለሆነች ብዙ አትናገሪ፤ «ለጋሽ ፈንታው ቁልፉን ያቆይልኝ በይው» በዪኝ፣ እኔ ይገባኛል፤ እማ የላምባ ቤቱ ቁልፍ ይመስላታል።

ዘምዘሙን እማ እንዳለችው አትላኪው። በሙሉሐረግም ይሁን በሌላ ሰው እጅ አትስጪው። ራስሽ ይዘሽው ነይ።

ታናሽሽ
ፈይዛ